መቀናጆ ጎማ

መኪናዬ አራት ጎማ ነበራት፤ አራቱም በቋንቋ አይግባቡም። የፊት ቀኙ ጃፓን ነው። የፊት ግራው አዲስ አበባ የተሠራ ነው። የኋላ ቀኙን ስም እኔም ጎሚስታውም አንብበነው አናውቅም። የኋላ ግራው ደግሞ የሰው ነው። ስኮርታዬ ተንፍሶብኝ መንገድ ዳር ተክዤ ተቀምጬ ሳለ አንድ የደብረ ወርቅ ሰው እንደኔው ዓይነት መኪና ይዞ ደረሰና «ስትመለስ ታደርስልኛለህ» ብሎ ስኮርታውን አበደረኝ። ያበደረኝ በ2010 ነው። ይህን ወግ ያስጻፈኝ ነገር የሆነው በግንቦት 2013 ነው። ሒሳቡን ለአንባቢ ትቻለሁ።

መኪናዋ ራቭፎር ናት፤ በፈረንጅ አቆጣጠር የ1998 ሞዴል፤ አራቱም እግሯ ሁልጊዜ የሚሠራ። ወንድሜ ዲቪ ደርሶት አሜሪካ ሲሄድ ትቶልኝ ሄደ። በምኖርበት ከተማ፣ ቢቸና ላይ፣ መኪና መውረስ ርስት እንደ መውረስ ነው፤ ከነሙግቱ ነው የሚወረሰው። የዚች ሙግት የጀመረው ከሥሯ ድምፅ ሲሰማ ነው። መጀመሪያ እንደ ጥንዚዛ ነበር። ሲውል ሲያድር እንደ አልቃሽ ሆነ። ቀጥሎ ሽታ መጣ። ባለቤቴ «የተቃጠለ ዘይት ይሸተኛል» ስትለኝ መስኮቱን ዘጋሁና «የሰው ቤት ሽሮ ነው» አልኳት። በሦስተኛው ቀን ሽሮው ተከትሎን ቤት ድረስ ገባ።

መካኒኩ ኮፈኑን እንኳ አልከፈተም። መኪናዋን አንዴ ዞራትና ተንበረከከ፤ ከኪሱ የክብሪት እንጨት አውጥቶ በእያንዳንዱ ጎማ ጥርስ መሐል እየሰካ፣ እንጨቱ ላይ በጥፍሩ ምልክት እያደረገ ለካ። አራት እንጨት፣ አራት ምልክት። መዳፉ ላይ ደርድሮ አሳየኝ፤ ሁለት የሚተካከሉ የሉም። የፊተኞቹ ሁለቱ ግን ከኋለኞቹ አምስት ሚሊ ሜትር ያህል አልቀዋል። «ጋሼ፣ ይችን መኪና ጎማዎቿ እየገደሏት ነው» አለኝ።

አላመንኩትም። ማታ ከልጄ ደብተር አንድ ወረቀት ገንጥዬ ቁጭ አልኩ። ጎማው ጎን ላይ 215/70 አር 16 ይላል። 215 ስፋቱ በሚሊ ሜትር ነው፤ 70 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ሰባ በመቶ መሆኑ ነው፤ 16 ቸርኬው በኢንች ነው። ከዚህ ተነሥቼ ሳሰላው አዲስ ጎማ አንድ ዙር ሲዞር 2 ሜትር ከ22 ሳንቲም ይሄዳል። አምስት ሚሊ ሜትር ያለቀው 2 ሜትር ከ19 ይሄዳል። ሦስት ሳንቲም ምን አላት? በኪሎ ሜትር ስድስት ዙር አላት። ከቢቸና ሞጣ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እንግዲህ የፊት ጎማዎቼ ሞጣ እስኪደርሱ ከኋለኞቹ ከ600 ዙር በላይ ትርፍ ይዞራሉ። ይህን ልዩነት ችሎ የሚይዘው መሐል ያለው ዲፈረንሻል ነው። ዲፈረንሻሉ የተሠራው መኪናዋ በምትታጠፍበት ጊዜ የፊትና የኋላው እንዳይጣሉ ለማስማማት ነው፤ ቀጥ ባለ መንገድ ማረፍ ነበረበት። የኔው ሽማግሌ ግን ከቤት እስከ ገበያ፣ ከገበያ እስከ ቤት፣ ያለ ዕረፍት ሲያስታርቅ ይውል ነበር። ያ ይሸተን የነበረው ሽሮ የሱ ላብ ነው።

ጎማ መግዛት ካለብኝ፣ የሚበረክተውን ልግዛ አልኩ። ቢቸና ላይ ይህን ቃል ከአፍ ማውጣት ስሕተት ነው። ጎማ ገዝቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ ጎማ ያውቃል። የቡና ቤቱ ባለቤት ስምንት ፕላይ ካልሆነ እንዳትነካ አለኝ። ፋርማሲስቱ የቻይና ጎማ እንደ ድሮው እንዳልሆነ በዝርዝር አስረዳኝ። አንድ ብስክሌት እንኳ የሌለው ጓደኛዬ «ሁለቱን ብቻ ቀይር፤ ሁለቱ ገና ናቸው» አለኝ። ይኸኛው ምክር በዋጋው በጣም ጣፈጠኝና ወንድሜ ዘንድ ደወልኩ።

ወንድሜ አሜሪካ ከገባ ወዲህ ነገሩ ሁሉ ዋስትና ያለው ሆኗል። እሱ ያስገባው ጎማ የ60 ሺህ ማይል ዋስትና አለው አለኝ። የኔ ዋስትና ጊዮርጊስ ነው አልኩት። ሁለት ብቻ ልቀይር ወይ ብዬ ስጠይቀው ግን ጮኸ። አራቱም ባንዴ፣ አንድ ፋብሪካ፣ አንድ ዓይነት፣ አንድ ቁጥር! እዚያማ፣ አለኝ፣ እንዲህ ባለ መኪና አንዱ ጎማ ብቻ ቢበላሽና ሦስቱ ግማሽ ያለቁ ቢሆኑ አዲሱን ጎማ በማሽን ልጠው ከሦስቱ ጋር የሚያስተካክሉ ሱቆች አሉ።

«አዲሱን?»

«አዲሱን።»

«ከፍለህ የገዛኸውን?»

«ለመላጫውም ትከፍላለህ።»

ስልኩን ዘግቼ ብዙ ቆየሁ።

ይህን ታሪክ ለአጎቴ ማጫወት ነበረብኝ። አጎቴ የዲማ ጊዮርጊስ አካባቢ ገበሬ ናቸው። ዲማ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ፊታውራሪ መሸሻ የሚኖሩበት አገር ነው፤ ፊታውራሪ የጎማ ሐሳብ አልነበረባቸውም፣ በቅሎ ነበራቸው። አጎቴም እስከ ዛሬ በቅሎ አላቸው። ስለ ክብሪት እንጨቱ፣ ስለ 600ው ዙር፣ ስለሚላጨው ጎማ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና፣

«ይኸ እኮ መቀናጆ ነው» አሉ።

ለከተሜው አንባቢ፦ አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ተስማምቶ ይጠምዳል። አንድ ቀን ያንተን ማሳ፣ አንድ ቀን የሱን። ይህ መቀናጆ ነው። ባለቤቶቹ ይስማማሉ እንጂ በሬዎቹን የጠየቃቸው የለም። አንዱ ረጅም አንዱ አጭር ከሆነ ቀንበሩ ያዘነብላል፤ አንዱ ፈጣን አንዱ ዘገምተኛ ከሆነ ትልሙ ይጣመማል። ጫንቃ ይላጣል።

«ቀንበሩ የቱ ነው?» አሉኝ ከመኪናዋ ሥር ጎንበስ ብለው። በጣቴ አሳየኋቸው። «እንግዲያ ጫንቃዋ ተልጧል።» ከመካኒኩ የተለየ ነገር አላሉም፤ ገንዘብ ግን አላስከፈሉኝም። የአሜሪካው ነገር ብቻ አልዋጥ አላቸው። «ረጅሙን በሬ ነው እግሩን የሚቆርጡት?» እያሉ ማታውን ሁሉ ለብቻቸው ሲስቁ አመሹ።

የመኪና ነገር በበሬ መፍታት የሚያስቅ ከመሰላችሁ፣ በነፋስ የሚሞላን ጎማ ገበያ ያስገባው ዳንሎፕ የእንስሳት ሐኪም ነበር። በፈረንጅ 1887 ቤልፋስት ላይ የልጁን ባለሦስት እግር ብስክሌት ከመንገጫገጭ ለማዳን ብሎ ነው የጀመረው። የኛው የአዲስ ጎማ ፋብሪካም ቢሆን መቀናጆ አያውቅም አይባልም፤ በኛ 1996 ከስሎቫኪያው ማታዶር ጋር ተጠምዶ ማታዶር አዲስ ተባለ፤ ኋላ ደግሞ ሆራይዘን አዲስ ሆነ።

እንግዲህ አራት አንድ ዓይነት ጎማ ፍለጋ ወጣሁ። ስሙን በማልጠራው ከተማ፣ ስሙን የማልጠራው ሱቅ፣ አራት መንታ ጎማዎች ደጅ ላይ ተደርድረው ፀሐይ ሲሞቁ አገኘሁ። ጥርሳቸው ሙሉ ነው፤ የላስቲኩ ፀጉር እንኳ አልረገፈም። ወንድሜ «ጎኑ ላይ ያሉትን አራት አኃዞች ሳታይ እንዳትከፍል» ብሎኝ ነበርና ጎንበስ ብዬ ፈለግሁ። 3112 ይላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ።

«12 ይላል» አልኩት ሻጩን።

«አዎ፣ 2012። አሁን ስንት ነው? 2013። የአምና ጎማ ነው ጋሼ!»

እውነቴን ነው፣ ለአንድ አፍታ አምኜው እጄን ወደ ኪሴ ሰድጄ ነበር። ጎማ ግን ጳጉሜ የለውም። በፈረንጅ 2012፣ ሠላሳ አንደኛው ሳምንት፣ በኛ የሐምሌ 2004 መጨረሻ ነው። እነዚህ ጎማዎች ከፋብሪካ ሲወጡ አቡነ ጳውሎስም አቶ መለስ ዜናዊም በሕይወት ነበሩ። ጎማ ባይነዳም ያረጃል፤ አየሩና ፀሐዩ ላስቲኩን ያደርቁታል፣ ጎኑ እንደ በጋ መሬት ይሰነጣጠቃል። ብዙ አምራቾች ዐሥር ዓመት የሞላውን ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም አውልቁት ይላሉ። ዘጠኝ ዓመት ሊሞላው የቀረበ «አዲስ» ጎማ ልገዛ ነበር። ለሻጩ ቀስ ብዬ ባስረዳው «እኔ የአገሬን ዘመን ነው የምቆጥረው» አለኝ። በዚህ ላይ ምን ይባላል?

መበርከት የሚባለውም ነገር ቢሆን ጎማው ጎን ላይ በቁጥር ይጻፋል፤ ትሬድዌር ይሉታል። 100 መነሻው ነው፤ 500 የተጻፈበት በፈተናው ላይ አምስት እጥፍ ዘልቋል ማለት ነው። ቁጥሩን የሚሰጠው ራሱ አምራቹ ነው፤ የልጅን ውጤት አባት እንደሚሞላው መሆኑ ነው። ፈተናውም ቢሆን ቴክሳስ ውስጥ ሳን አንጄሎ በሚባል ከተማ ዙሪያ 640 ኪሎ ሜትር ያህል በሚሆን የደህና መንገድ ቀለበት ላይ፣ በድምሩ ከ11 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ በመንዳት የሚደረግ ነው። ቴክሳስ የራሷ ዋልካ፣ የራሷ ጥቁር አፈር አላት። ጎማ የሚፈትኑት ግን እዚያ ላይ አይደለም። ብልጦች ናቸው።

የኛን ዋልካ የማያውቅ ሰው ካለ፣ በነሐሴ ከቢቸና ወጣ ብሎ በእግሩ አሥር እርምጃ ይሂድ። በመጀመሪያው እርምጃ ጫማው ይከብዳል። በአምስተኛው ቁመቱ በአራት ጣት ይጨምራል። በአሥረኛው አንድ ጫማ ብቻ ይዞ ይመለሳል። አፈሩ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። በአገራችን እንዲህ ያለው አፈር ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ይሆናል ይላሉ ሊቃውንቱ። ጤፍ ያበቅላል፤ የቢቸና ነጭ ጤፍ የሚወደድለት እሱ ነው። መኪና ግን አያሳልፍም። ዋልካው የጎማውን ጥርስ ገብቶ ይሞላዋል፤ ያኔ ጃፓን ይሁን ቻይና፣ ስምንት ፕላይ ይሁን አራት፣ ጎማህ ሊሾ ነው። የጭቃ ጎማ የሚባለው፣ ጥርሱ እንደ ጅብ የተራራቀው ኤምቲ፣ እየተሽከረከረ ጭቃውን ስለሚወረውር ይሻላል። አስፋልት ላይ ግን ያጓራል፣ ቶሎም ያልቃል። የአስፋልቱ ኤችቲ ደግሞ በጸጥታ ይሄዳል፣ ይበረክታል፣ የመጀመሪያው ካፊያ ሲጥል ያንቀላፋል። መሐል ቤት ያለው ኤቲ ነው።

«ሦስቱን ዓይነት ሰማሁ» አሉ አጎቴ። «በክረምት ዲማ የሚያደርስህ የትኛው ነው?»

«አንዱም አያደርስም።»

«እንግዲያው ለበጋው የሚበረክተውን ግዛ። በክረምት በቅሎዋን ላክብህ።»

በዚህ ምክር ተመርቼ ኤቲ መረጥኩ። ባህር ዳር ያለው የአክስቴ ልጅ ዕድሜያቸውን በዓይኑ አይቶ፣ የፈረንጁን ዘመን ከኛው ለይቶ፣ አምስት አንድ ዓይነት ጎማ በአውቶቡስ ጣሪያ ሞጣ ድረስ ላከልኝ። አምስተኛው ስኮርታ ነው፤ ስኮርታውም የማኅበሩ አባል ካልሆነ መቀናጆው ነገ ይመለሳል። ዋጋውን አልጽፍም፤ ባለቤቴ ይህን ታነባለች። ብቻ ከሐምሌ 2016 የምንዛሬ ለውጥ በኋላ ዋጋ የጠየቀ ሰው ያኔ የከፈልኩትን ቢሰማ በነፃ የወሰድኩ ይመስለዋል። ነዳጅ የሚጠጣ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ አሮጊቷን ራቭፎር እንደ ታቦት ነው የምይዛት።

ሞጣ በዝግታ፣ በአራቱ የማይግባቡ ጎማዎች፣ ዋይ ዋይ እያልኩ ደረስኩ። ጎሚስታው ጸጉሩ የሸበተ፣ ጣቱ ከላስቲኩ የማይለይ ሰው ነው። አምስቱን ገጥሞ ሲጨርስ «ስንት ልሙላ?» አለኝ። እንደ ወትሮው ሙላ አልኩት። የወትሮው አሞላል እንዲህ ነበር፦ ልጁ ኮምፕሬሰሩን ይከፍታል፣ ይነፋል፣ በእግሩ አንዴ መታ ያደርጋል፣ «ልክ ነው» ይላል። ሽማግሌው የሾፌሩን በር ከፍቶ ወደ በሩ ጉበን ጠቆመኝ። ትንሽ ወረቀት ተለጥፋለች፤ የነፋሱ ልክ ለፊትም ለኋላም ተጽፎባታል። ወንድሜና እኔ ለዓመታት ያን በር ስንከፍትና ስንዘጋ አላየናትም። «ሲያንሰው ትከሻና ትከሻው ያልቃል፤ ሲበዛው ሆዱ ያልቃል» አለኝ። «ጠዋት ሳይሞቅ አስለካ። በየአሥር ሺህ ኪሎ ሜትሩ የፊቱን ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት። የሚበረክት ጎማ ብለህ ብትጠይቀኝ ሳታስለካ የማትነዳው ነው።» ያሮጌዎቹን የፊት ጎማዎች ትከሻ አየሁ፤ ሊሾ ናቸው። ለዓመታት ያለ በቂ ነፋስ ነድቻቸዋለሁ፤ የሰደብኩት ግን ፋብሪካውን ነው።

ሞጣ ድረስ የሄደ ሰው የሰባራ ድልድይን ነገር ሳይሰማ አይመለስም። ከሞጣ ወደ ዓባይ ሲወርዱ ያለ፣ የፋሲል ዘመን ሥራ ነው የሚባል የድንጋይ ድልድይ፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መሐሉ ተቆረጠ። ከዚያ ወዲያ ሰው በገመድ እየተጎተተ ለብዙ አሥርት ዓመታት ተሻገረ። በ2001 በፈረንጅ፣ አንድ ኬን ፍራንትዝ የሚባል አሜሪካዊ መጽሔት ላይ የዚያን ድልድይ ፎቶ አየና ከአገሩ ድረስ መጥቶ ጠገነው፤ በዚያውም ድልድይ የሚሠራ ድርጅት አቋቋመ። ሰውየው ከአንድ ፎቶ ተነሥቶ ዓባይን አሻገረ። እኔ አንድ የተበደርኩትን ጎማ ደብረ ወርቅ ላይ ለማድረስ ሦስት ዓመት ፈጀብኝ።

ስመለስ ደብረ ወርቅ ቆምኩ። ሰውየው አልጠፋም፤ መኪናውም አልጠፋችም፤ ደጁ ላይ በድንጋይ ላይ ተሰቅላ ቆማለች። ጎማውን አውርጄ ፊቱ አቆምኩት። በእጁ ዳሰሰው።

«ያበደርኩህ ጥርስ ነበረው።»

«ነበረው።»

«ሦስት ዓመት ሥጋውን በልተህ ቆዳውን ታመጣልኛለህ?»

ምን እላለሁ? ይቅርታ አድርግልኝ አልኩ። ለመሆኑ መኪናዋ ምን ሆና ነው ብዬ ብጠይቀው፣ ስኮርታውን ለኔ ከሰጠ በኋላ በሳምንቱ አንድ ጎማ ፈነዳበት፤ ያገኘውን ሌላ ዓይነት አንድ ጎማ ገዝቶ ገጠመ፤ ነዳ፤ ነዳ፤ ከሥር ዋይ ዋይ የሚል ድምፅ መጣ። ከዚያ በኋላ ያለውን ታሪክ እኔ እሱን ቀድሜ ጨረስኩለት። የዲፈረንሻሉን ግማሽ ወጪ ልክፈል አልኩና ከፈልኩ። ይህንንም ባለቤቴ አሁን ነው የምትሰማው።

የቀሩትን ሦስት አሮጌ ጎማዎች ቢቸና ገበያ ላለ በረባሶ ሠሪ ወሰድኳቸው። በልቤ፣ ጎማ በእውነት የሚበረክተው በረባሶ ሲሆን ነው፤ መኪና ላይ አምስት ዓመት፣ እግር ላይ ዐሥር፤ ቢያንስ ለጫማ ይሁኑ ብዬ ነበር። ሠሪው በቢላዋው ጫፍ አንዱን ወጋ አደረገውና ቢላዋው ሲጢጥ የሚል ድምፅ አሰማ። «ሽቦ አለው» ብሎ መለሰልኝ። «የጭነት መኪና፣ ባለ ክሩን አምጣልኝ። ይኸ ቢላዋ ይበላል፣ ሽቦው የሰው ተረከዝ ይወጋል።» ለጫማ እንኳ አልበቁም። አጎቴ ዘንድ ስወስዳቸው ግን ከአንዱ ውስጥ ከመነዳሪ ማግኘታቸው አስደሰታቸው፤ በቀጭኑ ተልትለው የአህያ ጭነት ማሰሪያ አደረጉት። ሦስቱን ጎማ ግቢያቸው ውስጥ አጋድመው ዶሮ ውሃ ያጠጡባቸዋል፤ ጃፓኑም፣ የአዲስ አበባውም፣ ስሙ ያልታወቀውም በመጨረሻ አንድ ቦታ ተስማምተው ተኝተዋል።

አዲሶቹ ጎማዎች እስካሁን አሉ። በየአሥር ሺሁ ቦታ እቀያይራቸዋለሁ፤ በክብሪት እንጨት ስለካቸው አራቱም ምልክት አንድ ቦታ ላይ ያርፋል። ድምፁ ጠፍቷል፤ ሽሮ ሲሸተን የእውነት ሽሮ ነው።

እናንተ በዚያ መንገድ የምታልፉ፣ ቢቸናና ሞጣ መሐል ቆማችሁ አንዲት ግራጫ ራቭፎር ስትመጣ ካያችሁ እጃችሁን አንሡ፤ እቆማለሁ። ክሪክ አለኝ፣ የነፋስ መለኪያ አለኝ፣ ከፈለጋችሁም ጎሚስታ ቤት ድረስ አደርሳችኋለሁ። ስኮርታዬን ግን አትጠይቁኝ።